የጭነት ቃላት በትእዛዝ መስመር ላይ
የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን ማስገቢያና ማስወጫ ስያሜዎች በሚመለከት የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ማንኛውም አዲስ ሙያ ወደ አንድ አገር ሲገባ ቃላቱን አስከትሎ ይገባል። ቃላቱም ከሦስት ዕድሎች አንዱ ይገጥማቸዋል፤ ወይ በባዕድ ድምፃቸው እንዳሉ ይወሰዳሉ፣ ወይ አዲስ ቃል ይፈጠርላቸዋል፣ ወይም ደግሞ በአገሩ ቀድሞ ከኖረ ከሌላ ሙያ ስም ይበደርላቸዋል። የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን ማስገባትና ማስወጣት በሚመለከት አማርኛ በአመዛኙ የተከተለው ሦስተኛውን መንገድ ነው። “ጫን”፣ “አውርድ”፣ “አራግፍ”፣ “ጥቅል” የሚሉት ቃላት ዛሬ በእጅ ስልክም ሆነ በኮምፒዩተር ገጽ ላይ ይነበባሉ፤ ነገር ግን አንዳቸውም ከኮምፒዩተር ጋር አልመጡም። የመጡት ከጭነትና ከንግድ ሥራ ነው። የዚህ ሥራ ዋና መናኸሪያ በአዲስ አበባ የት እንደ ሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው መርካቶ ነው።

ብድሩ በራሱ ነቀፌታ የለበትም። እንዲያውም ከባዶ ከተፈጠረ ቃል ይልቅ በሥራ የተፈተነ ቃል ይመረጣል። ጥያቄው ሌላ ነው። ቃላቱ ከመርካቶ ሲነሡ በመካከላቸው የነበረውን ዝምድና ይዘው መጥተዋል ወይስ በመንገድ ላይ ተበታትነዋል? በመርካቶ “መጫን”ና “ማውረድ” ተቃራኒዎች ናቸው፤ በኮምፒዩተር ግን ተከታታይ ሥራዎች ሆነዋል። በመርካቶ የተጫነው የሚራገፈው ሁሉ አንድ ሳይቀር ነው፤ በኮምፒዩተር ግን ሲራገፍ ሆን ተብሎ የሚተው ነገር አለ። ይህ ጽሑፍ በሥራ ላይ ያሉትን ስያሜዎች አንድ በአንድ እያነሣ ይመዝናል። መመዘኛዎቹም ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ በአንድ ሙያ ውስጥ ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ አንድ ቃል ይበቃል፤ አንድ ቃልም ሁለት ጽንሰ ሐሳብ አይሸከም። ሁለተኛ፣ ቃሉ በጽሑፍ ላይ፣ ያለ ተናጋሪው ድምፅ፣ መለየት አለበት። ሦስተኛ፣ ቃሉ የአንባቢውን እጅ ወዳላሰበው ተግባር የሚመራ መሆን የለበትም። የቃሉ ውበት ከእነዚህ በኋላ የሚታይ ነው።

የሥራው ጠባይ

ጉዳዩ ለአንዳንድ አንባብያን እንግዳ ሊሆን ስለሚችል ሥራውን ባጭሩ መግለጽ ይገባል። አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሁሉን ነገር በራሱ አይሠራም። ቀን ማስላት፣ ፊደል መደርደር፣ ቃልን ወደ ምዕላዶቹ መበተን የመሳሰሉትን ተግባራት ሌሎች አስቀድመው ጽፈው ለማንም እንዲያገለግሉ ካዘጋጇቸው የፕሮግራም ክፍሎች ያገኛል። እነዚህ ክፍሎች በእንግሊዝኛ “ላይብረሪ” ይባላሉ። እነርሱም ከነመግለጫቸውና ከነእትም ቁጥራቸው፣ የሚያስፈልጓቸውን ሌሎች ክፍሎች ከሚዘረዝር ሰነድ ጋር፣ በአንድነት ተዘጋጅተው በኢንተርኔት ላይ ይቀመጣሉ፤ ይህ የተዘጋጀ ነገር “ፓኬጅ” ይባላል። ተጠቃሚው በትእዛዝ መስመር ላይ አንድ አጭር ትእዛዝ ይጽፋል። አስተዳዳሪው ፕሮግራም ዝርዝሩን አገላብጦ የተጠየቀውንና ለእርሱ የሚያስፈልገውን ሁሉ ያመጣል፣ በየቦታውም ያኖራል፤ አስወጣ ሲባል ያስወጣል።

የዚህ አሠራር ታሪክ ረጅም አይደለም። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1993 ተመሠረተ፤ “አፕት” የተባለው አስተዳዳሪው በ1998 ተሠርቶ በ1999 ከወጣው እትም ጋር ተሠራጨ። ለፓይተን ቋንቋ የሚያገለግለው “ፒፕ” የተጀመረው በ2008፣ ለጃቫስክሪፕት የሚያገለግለው “ኤን ፒ ኤም” ደግሞ በ2010 ነው። በአገራችን በ1989 ዓ.ም. የወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በተዘጋጀበት ጊዜ ከእነዚህ አስተዳዳሪዎች አንዱም አልነበረም። ስለዚህ ዛሬ የሚሠራባቸው ስያሜዎች በአብዛኛው በጉባኤ ተመክሮባቸው የወጡ ሳይሆኑ በየገጹ ተርጓሚዎችና በተጠቃሚው አፍ የጸኑ ናቸው።

ነገሩ የባለሙያዎች ብቻ ነው ብሎ የሚያልፍ የቋንቋ ምሁር ቢኖር ይሳሳታል። ማይክል ጋሰር የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት ለመተንተን ያዘጋጀው ሆርንሞርፎ በፓይተን የተጻፈ ስለ ሆነ ተመራማሪው ሊጠቀምበት ሲፈልግ በትእዛዝ መስመር ያስገባዋል። ዳንኤል ያዕቆብ ለፐርል ቋንቋ ያዘጋጃቸው፣ የኢትዮጵያን ዘመን አቈጣጠርና የግእዝን አኃዞች የሚያስሉት ክፍሎች የሚገኙት በዚሁ መንገድ ነው። “ኤትዮፕ” የተባለው የላቴክ ጥቅል በግእዝ ፊደል ለማተም ያገለግላል፤ አቢሲኒካ የተባለው የፊደል ቅርጽም በዴቢያንና በኡቡንቱ ራሱን የቻለ ጥቅል ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ መሣሪያውን ለማግኘት እነዚህን ትእዛዞች መጻፍ አለበት፤ ተማሪውንም በአማርኛ ማስረዳት ይኖርበታል።

“መጫን”፦ ከዐቅሙ በላይ የተሸከመ ቃል

“ጫነ” የግእዙ “ጸዐነ” ወራሽ ነው። መሠረታዊ ትርጉሙ በተሸካሚ ላይ ሸክም ማኖር ሲሆን፣ አህያም ትሁን የጭነት መኪና ተሸካሚው ቢለዋወጥም ግሡ አልተለወጠም። በኮምፒዩተር ሙያ ግን አራት የተለያዩ ተግባራት በዚህ አንድ ቃል ሲጠሩ ይገኛሉ። አንደኛው ፕሮግራምን በኮምፒዩተር ላይ አደራጅቶ ማኖር ነው። ሁለተኛው በዲስክ ላይ ያለን ፕሮግራም ለሥራ ወደ ማስታወሻው ማምጣት ነው። ሦስተኛው ፎቶግራፍ ወይም ጽሑፍ ከራስ መሣሪያ ወደ ኢንተርኔት መላክ ነው። አራተኛው ቁልፍን በጣት መግፋት ነው።

ከአራቱ እጅግ አስቸጋሪው የመጀመሪያውና የአራተኛው መደባለቅ ነው። ቁልፍ የሚገፋው በ“ጫነ” ሳይሆን በ“ተጫነ” ነው። በነጠላ ትእዛዝ አንቀጽ ሁለቱ በግልጽ ይለያሉ፤ “ፕሮግራሙን ጫን”፣ “ቁልፉን ተጫን” እንላለን። በአክብሮት ትእዛዝ ግን ሁለቱም “ይጫኑ” ይሆናሉ። በንግግር “ጫ” በአንዱ ላልቶ በሌላው ጠብቆ ስለሚነገር ጆሮ ይለያቸዋል፤ ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያመለክት ግን ዐይን አይለያቸውም። በንኡስ አንቀጹም “መጫን” ሁለቱን በአንድ መልክ ይጽፋቸዋል። ከዚህ የተነሣ “ለመጫን እዚህ ይጫኑ” የሚል ዐረፍተ ነገር ይፈጠራል። ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ አንባቢው ግን አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ አንብቦ ሁለት ትርጉም ለመገመት ይገደዳል።

መፍትሔው ማን ማንን እንደሚያዝ በማስተዋል ይገኛል። በትእዛዝ መስመር ላይ አዛዡ ሰው ነው፤ ታዛዡ መሣሪያው ነው። ስለዚህ የትእዛዙ ስም በነጠላ፣ ያለ አክብሮት፣ “ጫን” ቢባል የሚደፈር ሰው የለም። ይህ አነጋገር ተጠቃሚውን “አንተ” ብሎ የሚጠራ መስሏቸው “ይጫኑ” ወደሚለው የሸሹ ተርጓሚዎች አክብሮቱን ለመሣሪያው ሰጥተዋል። ተጠቃሚው ወንድ ይሁን ሴት የሚለው ጭንቀትም በዚሁ ይወገዳል፤ የሚታዘዘው እርሱ ወይም እርሷ አይደለምና። በአንጻሩ መመሪያው ለሰው ሲናገር አክብሮት ይገባዋል፤ በዚያ ቦታ ግን “ይጫኑ” በማለት ፈንታ ለገጽ “ይንኩ”፣ ለቁልፍ ሰሌዳ “ይምቱ” ቢባል መደናገሩ ይቀራል።

ሦስተኛው ተግባር በስልክ ገጾች ላይ “ስቀል” የሚል የራሱ ስም አግኝቷል። ቃሉ ለጆሮ ይከብዳል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ከ“መጫን” ትከሻ ላይ አንዱን ሸክም ስላነሣ ሊጸድቅ ይገባል። የቀረው ሁለተኛው ነው፤ በጥቅል አስተዳደር ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ የሚያሳስበው ይኸው ነው። አንድ ላይብረሪ መጀመሪያ በዲስክ ላይ ይኖራል፤ ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ በሄደ ቍጥር ወደ ማስታወሻ ይመጣል። የመጀመሪያው አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጸም ሲሆን ሁለተኛው ሺህ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ሁለቱንም “ጫነ” ብሎ የሚያስተምር መምህር “ላይብረሪው ተጭኗል፤ ነገር ግን አልተጫነም” ማለት ግድ ይሆንበታል። ለዚህ ሁለተኛው ተግባር “አነሣ” የሚለውን ግሥ እናቀርባለን። የጭነት መኪና ከመጋዘን ዕቃ አነሣ፣ ታክሲ ሰው አነሣ እንደሚባል ሁሉ፣ ፕሮግራም ላይብረሪን ከዲስክ አነሣ ቢባል ትርጉሙ ሩቅ አይሆንም።

እዚህ ላይ ተቀናቃኝ ሐሳብ አለ፤ ሳይመዘን ሊታለፍ አይገባም። በምሕንድስና አማርኛ የፋብሪካ መሣሪያ ማቆም “ተከላ” ይባላል። ስለዚህ ፕሮግራምንም “ትከል” እና “ንቀል” ብንል “ጫነ” ከአራቱ ሸክሞች ከባዱን ያወርዳል። ክርክሩ ጠንካራ ነው። “ተከለ” በቦታው ማጽናትን ስለሚያመለክት ለተግባሩ ከ“ጫነ” ይልቅ ይቀርባል፤ ተቃራኒው “ነቀለ”ም ከእርሱ ጋር ከድንኳን ጀምሮ ተጣምሮ የኖረ ነው። ይሁን እንጂ ማንም የስልክ ባለቤት “ጫን” የሚለውን በየዕለቱ ያነባል፤ በመርካቶ ስልክ የሚጠግነው ሰውም ሆነ ደንበኛው የሚጠቀሙበት ይህንኑ ቃል ነው። በአገልግሎት የጸናን ቃል ለመንቀል የተሻለ ቃል መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የጸናው ቃል ጐጂ መሆኑም መታየት አለበት። “ጫን” ሌሎቹ ሸክሞቹ ከተነሡለት ጐጂ አይደለም።

“ማውረድ”፦ ተቃራኒው የጠፋበት ቃል

በመርካቶ “ጫኝና አውራጅ” አንድ ሙያ ነው። ጠዋት የጫነው ሰው ከሰዓት በኋላ ያወርዳል፤ ሁለቱ ተግባራት አንዱ የሌላው ፍጻሜ ናቸው። በኮምፒዩተር “ማውረድ” የተባለው ግን “ዳውንሎድ” ነው፤ ማለትም ከሩቅ ወደ ራስ መሣሪያ ማምጣት ነው። በዚህም መሠረት መጀመሪያ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ይጫናል። የመርካቶን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ነገሩ የተገለበጠ ይመስለዋል።

መገለባበጡ የቀልድ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ባላነሣነውም ነበር። ነገር ግን “አወረደ” በዕለታዊ አማርኛ “ከነበረበት አነሣ፣ አስወገደ” የሚል ትርጉም አለው፤ ሰው ከሹመት ይወርዳል፣ ሥዕል ከግድግዳ ይወርዳል። ስለዚህ “ቪዲዮውን ከገጹ አወረደው” የሚለው ዐረፍተ ነገር ሁለት የሚቃረኑ ትርጉሞች አሉት፤ ቪዲዮውን ለራሱ ቀዳ፣ ወይም ቪዲዮውን ከገጹ አጠፋ። ሁለቱም በየዕለቱ ይነገራሉ። “ጥቅሉን አውርድ” የሚለውን መመሪያ ያነበበ ጀማሪም “አስወግድ” ማለት መስሎት ቢደናገር ጥፋቱ የእርሱ አይሆንም።

“አውርድ” ለ“ዳውንሎድ” የጸና ስለ ሆነ እንዲተው አንጠይቅም። የምንጠይቀው ሙያዊ ጽሑፍ በዚህ ትርጉም ብቻ እንዲጠቀምበት፣ ማስወገድን በሚመለከት ግን ፈጽሞ እንዳይጠቀምበት ነው። ጥቅሉን ከኢንተርኔት ላይ ለሁሉም እንዳይገኝ ማድረግም “ከመጋዘን ማውጣት” ቢባል ይሻላል። ከኮምፒዩተር ማራገፍ የባለቤቱን መሣሪያ ብቻ የሚነካ ሲሆን፣ ከመጋዘን ማውጣት ግን ሌሎችን ሁሉ የሚነካ ነው።

“ማራገፍ” እና የማስወጣት ደረጃዎች

“አራገፈ” ከተመረጡት ቃላት ሁሉ የተዋጣለት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ከ“ረገፈ” የመጣ ሆኖ አቧራን ከልብስ፣ ጭነትን ከመኪና መለየትን ያመለክታል። ከ“ጫነ” ጋርም በተፈጥሮው ይጣመራል። ጉድለቱ በቃሉ ሳይሆን በተርጓሚዎቹ ላይ ነው፤ ማስወጣት ልዩ ልዩ ደረጃዎች እንዳሉት ሳያስተውሉ “አራግፍ”፣ “አስወግድ”፣ “አጥፋ”፣ “ሰርዝ” የሚሉትን እያፈራረቁ ይጽፋሉ።

በአፕት ሦስት ዓይነት ማስወጣት አለ። “ሪሙቭ” የተባለው ትእዛዝ የፕሮግራሙን ፋይሎች ያስወጣል፤ የሥርዓቱን የማስተካከያ ፋይሎች ግን ይተዋል፤ ፕሮግራሙ ተመልሶ ቢገባ የቀድሞው አደረጃጀት ይጠብቀዋል። “ፐርጅ” የማስተካከያ ፋይሎቹንም ጭምር ያጠፋል። “አውቶሪሙቭ” ደግሞ ለሌላ ጥቅል ሲባል ገብተው አሁን የሚፈልጋቸው የሌለ ጥቅሎችን ያስወጣል። በአንድ ገጽ ላይ ሦስቱም “አስወግድ” ተብለው ቢተረጐሙ አንባቢው የአንድ ወር ድካሙን ያኖረበትን የማስተካከያ ፋይል ባለማወቅ ሊያጠፋው ይችላል። ሦስተኛው መመዘኛችን የሚፈተነው በዚህ ቦታ ነው።

እዚህም የጭነት ሥራ መልስ አለው። በበርበሬ ተራ ማዳበሪያው ሁሉ ከመኪና ከተራገፈ በኋላ በመኪናው ወለል ላይ ጥራጊ ይቀራል። ማራገፍ አንድ ሥራ ነው፤ መጥረግ ሌላ ሥራ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው “አራግፍ”፣ ሁለተኛው “አራግፈህ ጥረግ”፣ ሦስተኛው “ፈላጊ ያጡትን አራግፍ” ቢባል ደረጃው በቃሉ ውስጥ ይታያል። ፒፕ በበኩሉ አንድን ጥቅል ሲያራግፍ ከእርሱ ጋር የገቡትን ሌሎች ጥቅሎች አብሮ አያራግፍም፤ ተርጓሚው ይህን ልዩነት ካላወቀ ትክክለኛ ቃል መርጦም የተሳሳተ መመሪያ ይጽፋል።

ተመሳሳይ ጥንቃቄ የሚሻ ሌላ ጥንድ አለ። “አፕዴት” እና “አፕግሬድ” የተባሉት ሁለት የአፕት ትእዛዞች በአማርኛ ሁለቱም “አዘምን” ሲባሉ ይታያል። የመጀመሪያው ግን አንድም ጥቅል አይለውጥም፤ በመጋዘን ያለውን የጥቅል ዝርዝር ብቻ ያድሳል። ነጋዴ ጠዋት ተነሥቶ የዕለቱን ዋጋ እንደሚጠይቀው ነው። ሁለተኛው አሮጌውን ዕቃ በአዲስ ይለውጣል። ለመጀመሪያው “ዝርዝር አድስ”፣ ለሁለተኛው “አሻሽል” ይበቃል።

“ጥቅል”፣ “ማከማቻ” እና “ቤተ መጻሕፍት”

“ጥቅል” ለ“ፓኬጅ” የተሰጠ ስም ነው። በመጀመሪያ እይታ እንከን የለበትም። ሆኖም ቃሉ በሙያው ውስጥ ሲራባ ችግሩ ይገለጣል። ጠቅልሎ የሚያዘጋጀውን ሰው ምን እንለዋለን? የ“ጠቀለለ” ባለቤት አመልካች “ጠቅላይ” ነው፤ ይህም በሹመት ስም ተይዟል። “ጥቅል” ራሱም “አጠቃላይ” የሚል ትርጉም ስላለው “ጥቅል መግለጫ” የሚለው የፓኬጅ መግለጫ ይሁን አጠቃላይ መግለጫ አይታወቅም። ከዚህ በላይ የቴሌኮም አገልግሎት የሚሸጣቸው የደቂቃና የኢንተርኔት ጥቅሎች ቃሉን በብዙኃኑ ዘንድ ይዘውታል።

መርካቶ ለታሰረ ነገር ብዙ ስሞች አሉት፤ ጨርቅ በጣቃ፣ ልባሽ ልብስ በቦንዳ፣ እህል በኬሻና በማዳበሪያ፣ ሌላው በካርቶን ይሸጣል። ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ጉዳይ የሚስማማው ግን “እሽግ” ነው። የኮምፒዩተር ፓኬጅ የተጠቀለለ ብቻ አይደለም፤ የታሸገ ነው። አፕት ከመጋዘን የመጣው ነገር በመንገድ ላይ አለመነካቱን በዲጂታል ፊርማ አማካይነት ያረጋግጣል፤ ይህም ገዢ ማሸጊያው አለመከፈቱን እንደሚመለከተው ነው። የቃሉ እርባታም የተሟላ ነው፤ “አሸገ”፣ “እሽግ”፣ “አሻጊ”፣ “ማሸጊያ” እያልን ያለ እንቅፋት እንሄዳለን። “ጥቅል” ገና እንደ “ጫን” ስላልጸና በሙያዊ ጽሑፍ “እሽግ” ቢተካው ጊዜው አላለፈም።

ለእሽጎች ማደሪያ “ማከማቻ” እና “መጋዘን” ሲሠራባቸው ይታያል። “ማከማቻ” በስልክ ገጽ ላይ የመሣሪያው የራሱ የማኖሪያ ቦታ ስም ሆኗል። ስለዚህ “ከማከማቻ አምጣ” ሲባል ከራስ ዲስክ ይሁን ከሩቅ አይለይም። “መጋዘን” ይሻላል። ነጋዴው ሱቁ ሌላ፣ መጋዘኑ ሌላ መሆኑን ያውቃልና ርቀቱ በቃሉ ውስጥ አለ።

“ላይብረሪ”ን “ቤተ መጻሕፍት” ብሎ መተርጐም ግን ከስሕተቶቹ ሁሉ የከፋ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ወደ ሙያው የገባበት ምክንያት ይታወቃል። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1949 ሥራ በጀመረው ኤድሳክ በተባለ ኮምፒዩተር ዘንድ ተደጋግመው የሚያገለግሉ የፕሮግራም ክፍሎች በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ ተቀርጸው ተሰድረው ይቀመጡ ነበር፤ ፈላጊውም እየቀዳ ይጠቀምባቸው ነበር። ዊልክስ፣ ዊለርና ጊል በ1951 ባወጡት መጽሐፍ ይህ አሠራር ተገልጿል። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ “ላይብረሪ” የሚለው ቃል በውስጡ መጽሐፍ አይታይበትም፤ ስለዚህ ለማንኛውም የተሰደረ ስብስብ ሊውል ቻለ። የአማርኛው ስያሜ ግን ግልጽ ጥምር ቃል ነው፤ “ቤት”ም “መጻሕፍት”ም በግልጽ ይሰማሉ። “ሁለት ቤተ መጻሕፍት ጫን” የሚለውን የሰማ የመርካቶ ጫኝ የጭነት መኪና ቢያስመጣ አይፈረድበትም።

ምትክ ሆነው የሚታሰቡት ቃላት አያረኩም። “ቋት” የመረጃ ስብስብን ለመሰየም ውሏል። “መለዋወጫ” ከጎማ ተራና ከመኪና ዕቃ ሻጮች ዘንድ ሲመጣ ሐሳቡን ያቀርባል፤ ነገር ግን የተበላሸን መተካትን ስለሚያመለክት ያልተበላሸ ፕሮግራም በላይብረሪ የሚገነባ መሆኑን ይሰውራል። ስለዚህ የዚህ ጸሐፊ ፍርድ “ላይብረሪ” እንዳለ ይወሰድ የሚል ነው። ለቋንቋችን መቆርቈር የባዕድ ቃልን ሁሉ ማባረር ማለት አይደለም። መርካቶ ራሱ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ወደ ምዕራብ በተዛወረበት ጊዜ፣ ከጣሊያንኛው የገበያ ስም ነው፤ “መጋዘን”ም የዐረብኛ ዘር አለው። ሁለቱንም ከቋንቋችን እናስወጣ የሚል የለም። ግልጽ ሆኖ ከሚያስት አገርኛ ቃል፣ ዝም ብሎ የማያስት የውሰት ቃል ይመረጣል።

“ጥገኛ”፦ አቅጣጫው የተገለበጠ ስያሜ

አንድ እሽግ ያለ ሌላ እሽግ የማይሠራ ሲሆን የሚያስፈልገው እሽግ በእንግሊዝኛ “ዲፔንደንሲ” ይባላል። ተርጓሚዎች ይህን “ጥገኝነት” ወይም “ጥገኛ” ይሉታል። “ጥገኝነት” በስደት አገር የሚጠየቅ ከለላ ስም መሆኑን ለጊዜው እንተወው። ዋናው ጥፋት የአቅጣጫ ነው። በአማርኛ “ጥገኛ” የሚባለው የሚጠጋው ነው፤ የእንግሊዝኛው ስም ግን የሚጠጉትን ይሰይማል። ስለዚህ “የዚህ እሽግ ጥገኞች” ተብሎ የቀረበ ዝርዝርን አንባቢው በዚህ እሽግ ላይ የተደገፉ አድርጎ ያነባል፤ ዝርዝሩ የያዘው ግን ይህ እሽግ የተደገፈባቸውን ነው። ትርጉሙ ፍጹም ተቃራኒ ሆነ ማለት ነው።

የዚህ አቅጣጫ ነገር ምን ያህል ክብደት እንዳለው እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 2016 የደረሰው ያሳያል። አንድ ደራሲ በስም ምክንያት ከኤን ፒ ኤም አስተዳዳሪዎች ጋር ባለመስማማቱ እሽጎቹን ሁሉ ከመጋዘን አወጣ። ከእነርሱ አንዱ “ሌፍት ፓድ” የተባለ፣ ዐሥራ አንድ መስመር ብቻ ያለው፣ በጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ባዶ ቦታ የሚሞላ እሽግ ነበር። በእርሱ ላይ በቀጥታም ሆነ በሌላ በኩል የተደገፉ እጅግ ብዙ ፕሮግራሞች በሰዓታት ውስጥ መገንባት አቃታቸው፤ የመጋዘኑ አስተዳዳሪዎችም እሽጉን ለመመለስ ተገደዱ፤ በኋላም እሽግ ከመጋዘን ስለሚወጣበት ሁኔታ ደንባቸውን አጠበቁ። ደራሲው እሽጉን ከማውጣቱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው “እርሱ ማንን ይፈልጋል?” ሳይሆን “እርሱን ማን ይፈልገዋል?” የሚለውን ነበር። በአማርኛ ሁለቱ ጥያቄዎች በ“ጥገኛ” ሊለዩ አይችሉም።

የምናቀርበው ጥንድ “ፈላጊ” እና “ተፈላጊ” ነው። ሆርንሞርፎ ፈላጊ ሲሆን እርሱ የሚያስፈልጉት ክፍሎች ተፈላጊዎች ናቸው። አድራጊና ተደራጊ በአንድ ግሥ ስለሚለዩ አቅጣጫው አይጠፋም። በዴቢያን ሰነድ ውስጥ ያሉት የዝምድና መግለጫዎችም በመሠረቱ ግሦች ስለ ሆኑ “ይፈልጋል”፣ “ይመክራል”፣ “ይጠቁማል”፣ “ይጋጫል” ተብለው ያለ ጭንቀት ይተረጐማሉ። ቀደም ሲል “ፈላጊ ያጡ” ያልናቸውም ከዚሁ ግሥ ይወለዳሉ። በገበያም ፈላጊ ያጣ ዕቃ ዕጣው ይኸው ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ

እሽግ ከመጫኑ ወይም ከመራገፉ በፊት አስተዳዳሪው የሚለወጠውን ሁሉ ዘርዝሮ “ልቀጥል?” ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም አንድ ፊደል ነው። በእንግሊዝኛ የአዎንታና የአሉታ ቃላት በተለያየ ፊደል ስለሚጀምሩ ችግር የለም። በአማርኛ ግን “አዎ” እና “አይ” ሁለቱም በ“አ” ይጀምራሉ። ከእነርሱ ሸሽተን “እሺ” እና “እምቢ” ብንል ሁለቱም በ“እ” ይጀምራሉ። ለቋንቋችን እንግዳ የሆነ ሰው ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስለዋል። የመልእክቱ ተርጓሚ ይህን ሳያስብ ቢያልፍ ስምምነትና እምቢታ በአንድ ፊደል ይጻፋሉ፤ ያች ፊደል ደግሞ ሥርዓቱን ልታፈርስ ትችላለች። “ቀጥል” እና “ተው” ቢባል “ቀ” እና “ተ” በግልጽ ይለያሉ። እነርሱም ከመሣሪያው ጋር የሚደረጉ ንግግሮች ስለ ሆኑ አክብሮት አይሹም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጎ ማሳሰብ ያስፈልጋል። የትእዛዙ ቃል ራሱ፣ በመስመሩ ላይ የሚጻፈው፣ አይተረጐምም። መሣሪያው የሚያውቀው በባዕድ ፊደል የተጻፈውን ብቻ ነው። የአማርኛው ስያሜ ቦታ ማስረጃው፣ መማሪያው፣ መልእክቱና የመዝገበ ቃላቱ ገጽ ነው። ትእዛዙን ራሱን ተርጕሞ በመመሪያ ውስጥ የሚያሰፍር ሰው ለአንባቢው የማይሠራ ነገር ሰጥቶታል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተሰጠው ሂስ ሲጠቃለል የሚከተለው ውጤት ይገኛል። “ጫን”፣ “አራግፍ”፣ “አውርድ” እና “ስቀል” ይጽደቁ፤ እያንዳንዳቸውም በአንድ ትርጉም ብቻ ይወሰኑ። ወደ ማስታወሻ ለማምጣት “አንሣ”፣ ማስተካከያውን ጭምር ለማስወጣት “አራግፈህ ጥረግ”፣ የዕቃ ዝርዝርን ለማደስ “ዝርዝር አድስ”፣ እሽጉን በአዲስ እትም ለመለወጥ “አሻሽል” ይባል። “ጥቅል” ለ“እሽግ”፣ የሩቁ “ማከማቻ” ለ“መጋዘን”፣ “ጥገኛ” ለ“ፈላጊ” እና “ተፈላጊ” ቦታቸውን ይልቀቁ። “ቤተ መጻሕፍት” መጻሕፍት ወዳሉበት ይመለስ፤ “ላይብረሪ” ይግባ።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ የማይቀበሏቸው አንባብያን እንደሚኖሩ እንገምታለን፤ በተለይ “አንሣ” እና “እሽግ” ክርክር ሊያስነሡ ይችላሉ፤ ቢያስነሡም መልካም ነው። ተቃውሞው ግን በሦስቱ መመዘኛዎች እንዲቀርብ እንጠይቃለን። ቃሉ ሁለት ነገር ይሸከማልን? በጽሑፍ ይደናገራልን? የአንባቢውን እጅ ያሳስታልን? በመርካቶ አንድ ጫኝ “አውርድ” ሲባል ቢጭን ኪሳራው ወዲያው ስለሚታይ ቃሉ በሥራ ይስተካከላል። በትእዛዝ መስመር ላይ ግን ስሕተቱ ድምፅ አያሰማም፤ የተጠፋው ፋይል የሚፈለገው ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ገበያው ለቃላቱ ያደርግ የነበረውን ማረሚያ ዛሬ ተርጓሚውና የመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ሊያደርጉት ይገባል።